ማሳወቅ ሌላ፣ ማስፈቀድ ሌላ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣቶች

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ልጆቼ።

ይህን ደብዳቤ ሆን ብዬ በበጋ ነው የምጽፍላችሁ። ቦዩ ደርቋል፤ የጦሳ ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ስለ ጎርፍ የሚያነሣ ሰው የለም። ሐምሌ ሲገባ ግን ከተራራው የሚወርደው ውሃ የሰፈሩን መንገድ ይሰነጥቃል፣ የድሃ አጥር ይዞ ይሄዳል፤ ታች ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የቦርከና ወንዝ ደፍርሶ ይሞላል። ያን ጊዜ ግማሹ ሰው «መንግሥት የት አለ?» ይላል፤ ግማሹ «ቀበሌ ሳይፈቅድ ምን ማድረግ እንችላለን?»። ንግግሩ ሁለት ይምሰል እንጂ ምንጩ አንድ ነው። ሁለቱም መንግሥትን ዳር ድንበር እንደሌለው አድርገው ያዩታል፤ አንዱ ሁሉን እንዲሠራለት፣ ሌላው ሁሉን እንዲፈቅድለት ይጠብቃል። ድንበር ግን አለው። እሱን ማወቅ በእናንተ ዕድሜ ቢጀመር ደስ ይለኛል።

ድንበሩ የሚገኘው በወረቀት ላይ ነው። ከሁሉ በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አለ። አንቀጽ 9 እንደሚለው ማንኛውም ሕግ፣ ልማድም ሆነ የባለሥልጣን ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ከተቃረነ አይሠራም። ከሥሩ አዋጅ አለ፤ አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤት ነው። ከአዋጅ ሥር ደንብ፣ ከደንብ ሥር መመሪያ ይመጣል። ሰርኩላር የሚባለው ከሁሉ በታች ያለ የቢሮ ደብዳቤ ነው። የታችኛው የላይኛውን መሻር አይችልም። አዋጅ የሰጣችሁን መብት የክፍለ ከተማ ሰርኩላር አይነጥቃችሁም። የፌዴራሉን አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ፣ የአማራ ክልልን በዝክረ ሕግ ጋዜጣ ፈልጉት።

ስለዚህ «መመሪያ አይፈቅድም» ስትባሉ በትሕትና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የመመሪያው ቁጥር ስንት ነው? በየትኛው ዓመት ወጣ? የትኛው አንቀጽ ነው? ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ፤ በዕድሜ የሚበልጣችሁን አንቱ በሉ። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ሰው ጠላታችሁ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከበላይ የሰማውን ቃል ነው የሚደግመው። ግን ጥያቄውን አትተዉት። መመሪያ ካለ ቁጥር አለው። ቁጥር ካልተገኘለት የሰማችሁት የአንድ ሰው አስተያየት ነው፤ በአስተያየት ደግሞ መብት አይከለከልም።

አሁን ወደ ማመልከቻው ልግባ፤ ወጣቱ ከሁሉ በላይ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነውና። ማመልከቻ በቃል አይቀርብም፣ ለጥበቃ አይሰጥም፣ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ተትቶ አይወጣም። ሁለት ቅጂ ያዙ። ሁለቱንም ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። አንዱን ያስቀሩታል፤ በሁለተኛው ላይ ማህተም፣ ቀንና ገቢ ቁጥር አስጽፉበት። ያቺ የገቢ ቁጥር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን «አልደረሰንም» የሚለውን መልስ ለዘለዓለም የምትዘጋ እሷ ናት። መዝገብ ቤቱ አልቀበልም ካለ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ በሚሄድ ደብዳቤ፣ ላኩት፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ የገቢ ቁጥሩን ቦታ ይተካል።

ደብዳቤው ለመሥሪያ ቤቱ ይጻፍ፤ ለግለሰቡ አይሁን፤ ኃላፊው ነገ ሊዛወር ይችላል። «ጉዳዩ» ከሚለው ፊት አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። አንድ ማመልከቻ አንድ ጥያቄ ይይዛል። የመብራትን፣ የውሃን፣ የመንገድን ችግር በአንድ ገጽ ከጠቀጠቃችሁ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ ለሦስት ክፍል ይመራዋል፤ ሦስቱም «የሌላው ሥራ ነው» ብለው ያስተኙታል። ምን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ እንደሆነ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ ጻፉ። ምሬቱን ቀንሱት። መጨረሻ ላይ «ጥያቄያችን ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን» የምትል ዓረፍተ ነገር አትርሱ። ይግባኝ የሚባለው ተጽፎ በወጣ ውሳኔ ላይ ነው፤ በቃል የተከለከለ ሰው ይግባኝ የሚልበት ነገር በእጁ የለም። ብዙ ኃላፊዎች በቃል መከልከልን የሚመርጡትም ለዚሁ ነው፤ ፊርማና ቲተር (የኃላፊው ስምና ማዕረግ ያለበት ማህተም) ያረፈበት ወረቀት ያስጠይቃል።

የሰፈር ጥያቄ ከሆነ «የአካባቢው ነዋሪዎች» ብላችሁ ስም የሌለው ፊርማ አትደርድሩ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ በሠንጠረዥ ይግባ። ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ሦስት ተወካይ ምረጡ፤ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን፤ ቤት ውስጥ የሚገባውን ጎርፍ ከወንዱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ በግልጽ የተቀመጠ መብት ነው፤ ማንም «ለምን ፊርማ አሰባሰባችሁ» ብሎ ሊያስፈራራችሁ አይገባም።

ዋናውን ሰነድ የትም አትስጡ፤ ኮፒውን አስገቡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ መልሱ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መሥሪያ ቤቶች ሲዘረፉ ምን እንደሆነ ወላጆቻችሁን ጠይቁ። ካርታችሁን፣ የግብር ደረሰኛችሁን፣ የገቢ ቁጥር ያለባትን ቅጂ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ከከተማ ውጭ ላለ ዘመድ ላኩ።

መልስ ካልመጣ በ15 ቀናችሁ የመጀመሪያውን ገቢ ቁጥር ጠቅሳችሁ ማስታወሻ ጻፉ፤ ግልባጩን ለበላይ መሥሪያ ቤት አድርጉ። ከዚያ ቅሬታ ሰሚ አለ፤ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ማመልከት ይቻላል። መረጃ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ለምሳሌ ለሰፈራችሁ ቦይ ስንት ብር እንደተያዘ፣ የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ተብሎ ይጠቀሳል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ይህ አዋጅ የክልል መሥሪያ ቤቶችንም ይይዛል። ቁጥሩን ጠቅሶ የሚጠይቅ ወጣት ሲመጣ የመዝገብ ቤቱ ፊት ሲለወጥ ታያላችሁ።

ቦታን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በላዩ የሠራችሁት ቤት፣ የተከላችሁት ዛፍ ግን የእናንተ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ንብረት የሚወሰድ ከሆነ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈላል ይላል። «በቅድሚያ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። የማስለቀቂያ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የደረሰበትን ቀን በደብዳቤው ጀርባ ጻፉ፤ የቅሬታ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያች ቀን ነው። ሽማግሌ ልኮ ሲጠብቅ ጊዜው ያለፈበት ሰው ብዙ ነው። ሽማግሌውም ይሂድ፣ ቅሬታውም ጎን ለጎን ይግባ።

እስካሁን ስለ መንግሥት ሜዳ ነበር። አሁን ስለ እናንተ። በእኛ አገር ቅሬ አለ፤ ሌላው እድር የሚለው። ቅሬ ሬሳ ከማንሣት አልፎ ቦይ መሥራት ይችላል፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ስለ ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሲደነግግ እድርን የመሰሉ ባህላዊ ማኅበራትን ከሥሩ አውጥቷቸዋል፤ በዚያ አዋጅ መመዝገብ አይጠበቅባቸውም። ታዲያ የ60 ሜትር ቦይ እናስብ። የውስጥ ስፋቱ 40 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲ ይሁን። ግራና ቀኝ 20 ሳንቲ የድንጋይ ግንብ፣ ታቹ 10 ሳንቲ ንጣፍ። ቁፋሮው 80 ሳንቲ ስፋት፣ 50 ሳንቲ ጥልቀት ይሆናል፤ 24 ሜትር ኩብ አፈር ማለት ነው። አፈሩ ካልጠነከረ 20 ወጣት በሁለት ቅዳሜ ይጨርሰዋል። የግንቡ ሥራ ወደ 14 ሜትር ኩብ ተኩል ነው፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከአራት እጅ አሸዋ ጋር አቡክታችሁ ከሠራችሁ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት ወደ 35፣ አሸዋ ወደ 6 ሜትር ኩብ ያዙ። ይህን የምዘረዝረው «ከአቅማችን በላይ ነው» የሚለው ቃል ሳይቆጠር እንዳይነገር ነው።

ከመውጫው ጀምሩ፤ ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ። ከላይ የጀመረ ሰፈር ገንዘቡ መሀል ላይ ሲያልቅ ውሃውን ሰብስቦ ጎረቤት ግድግዳ ሥር ይለቀዋል፤ ቀድሞ ተበትኖ ይወርድ የነበረው አሁን አንድ ቤት ይንዳል፤ ካሳውም በቆፈረው ሰው ላይ ይመጣል። ውሃው ወደ ነባር ቦይ ወይም ወደ ወንዝ መግባቱን ሳታረጋግጡ አንድ ዶማ አታንሡ። ሁለተኛው ጥፋት ቁልቁለቱ ነው። ለጥ ባለው የኮምቦልቻ ሰፈር በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ዝቅታ ካልተሰጠው ደለል ይሞላዋል፤ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ልኩን ውሰዱ። ደሴ ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ቁልቁለቱ ስለሚበዛ ውሃው ንጣፉን ቦርቡሮ ያነሣዋል። እዚያ ወለሉን በደረጃ አውርዱት፤ በየደረጃው ሥር ትልልቅ ድንጋይ ይቀመጥ።

አሁን የርእሴ ነገር። የራስን ግቢ ውሃ ማስተካከል፣ ያለውን ቦይ መጥረግ ፈቃድ አይጠይቅም። በሕዝብ መንገድ ዳር አዲስ ቦይ መቆፈር፣ አስፋልት ወይም ኮብልስቶን መንቀል ፈቃድ ይጠይቃል፤ ተገቢም ነው፤ ከሥር የውሃ መስመርና የስልክ ገመድ አለ፣ የእናንተ ዶማ የሌላውን ሰፈር ውሃ ሊያቋርጥ ይችላል። ከሁለቱ መካከል ግን ማሳወቅ ብቻ የሚበቃው ብዙ ነገር አለ። ሰላማዊ ሰልፍን ተመልከቱ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 የሚጠይቀው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው፤ ዓላማውን፣ ቦታውን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የአዘጋጆቹን ስምና ፊርማ ይዞ። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይሰጣል እንጂ «ጭራሽ አይደረግም» ማለት አይችልም። ማሳወቅን ማስፈቀድ አድርጎ የሚያነብ ኃላፊ ሲገጥማችሁ አዋጁን አትማችሁ ፊቱ አስቀምጡ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ግን ይህ መብት ሊታገድ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ መጀመሪያ የአዋጁን ዝርዝር አንብቡ፣ ታናናሾቻችሁን መንገድ ላይ አታውጡ። እሱም ቢሆን ወሰን አለው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ ስድስት ወር ተብሏል፣ ማራዘም የሚቻለውም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለአራት አራት ወር ነው።

ስለ መዋጮም ላስታውሳችሁ። ግብር ከሆነ በሕግ የተጣለ ነው፣ ይከፈላል። መዋጮ ከሆነ በፈቃድ ነው። በመካከላቸው ሦስተኛ ነገር የለም። «መዋጮ ካልከፈልክ መታወቂያ አናድስም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህንኑ ቃሉን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ለሰጣችሁት ሁሉ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ተቀበሉ። የራሳችሁን ቅሬ ገንዘብም በዚሁ ሚዛን ያዙት፦ ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ጸሐፊው አንድ ሰው አይሁኑ፣ ባንክ ሒሳቡ በሦስት ፊርማ ይንቀሳቀስ፣ የሲሚንቶው ደረሰኝ ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከቀበሌ ግልጽነት የምትጠይቁ ከሆነ ከእናንተም ይጠየቃል።

ፖሊስን በሚመለከት ሁለት ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ምክንያታዊ ጊዜ አይቆጠርም። ቤት የሚፈተሸው በመደበኛው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላለ ደግሞ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ። የወጣው ዕቃ ዝርዝር ሳይጻፍ አትፈርሙ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ ግን የሚሰናዳው ከዚያ ወራት ቀድሞ ነው። ሰኔ ላይ የገባ ማመልከቻ «በጀት ተይዟል፣ ለከርሞ» ይባላል። ስለዚህ ቅዳሜ ተሰብሰቡ፣ ሜትር ያላችሁ ሜትር ይዛችሁ ኑ፣ ቦዩን ለኩት። ቃለ ጉባኤውን ያዙ። የከተማው ምክር ቤት ውስጥ የቀበሌያችሁ ተመራጭ ማን እንደሆነ እወቁና ግልባጩን ለእሱም አድርጉ፤ ስሙን የማያውቅ መራጭ ሊጠይቀው አይችልም። በየካቲት ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት። ያችን ቁጥር በደብተር ጻፏት፤ ደብተሩም ከሦስቱ ተወካዮች የአንዱ ቤት ሳይሆን ቅሬው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከከተማ ስትወጡ ተከታዩ ልጅ ከየት እንደሚቀጥል እንዲያውቅ።