ሸራው ረግቧል፣ ነጩ ቀለም ይረግፋል፤ ቫርኒሽ ልቀባው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ማርሴይ ነው። ባለፈው ዓመት ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ገዛሁ። የባሕር ዳርቻ ነው፤ ቤቶቹ እንደ ሣጥን የተደራረቡ፣ ጣሪያቸው ቀይ፣ ባሕሩ በቢላ የተለጠፈ ወፍራም ሰማያዊ። መጠኑ 65 በ46 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከኋላው እንጨት ላይ «15ኤም» ይላል። ሸራው ታች በኩል ረግቧል። ከነጩ የማዕበል አረፋ ላይ ጥፍር የምታህል ቅርፊት ወድቃለች። ቀለሙ ውስጥም አሸዋ የመሰለ ነገር አለ። ሻጩ «ቫርኒሽ ቀቢው፣ ያበራል፣ ይይዘዋልም» አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቫርኒሹን ይተዉት።

የሥዕሉ ፊት መፍዘዙ ጉድለት ላይሆን ይችላል። ሌስታክ የራስዎ ከተማ ሰፈር ነው፤ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ብራክ በ1908 ቤቶቹን እንደ ኩብ እየቆለለ የሣለው እዚያ ነበር። እሱና የዘመኑ ጓደኞቹ የሚያብለጨልጭ ፊት አይወዱም ነበር፤ ቀለሙ ደረቅ ሆኖ እንዲታይ ይፈልጉ ነበር። የእርስዎ ሠዓሊ ማንም ይሁን ማን፣ እንደገለጹልኝ ከሆነ ከዚያ ቤት የወጣ ነው። እንዲህ ያለ ፈዛዛ ቀለም ቫርኒሽ ሲነካው ይጠጣዋል፣ ሰማያዊውም ይጠቁራል። ኋላ ላንሣው ቢሉ ቫርኒሹን የሚያሟሟው ፈሳሽ ቀለሙንም ይነካል። «ይይዘዋል» የሚለው ደግሞ ከንቱ ነው። ቫርኒሽ ከላይ ይተኛል እንጂ የተነሣን ቅርፊት ከሥሩ አያጣብቅም።

ነጩ ብቻ መርገፉ ዚንክ ነጭ የሚባለውን፣ ከዚንክ የሚሠራውን ቀለም እንድጠረጥር ያደርገኛል። ሠዓሊዎች የወደዱት ከእርሳስ ማዕድን (ሊድ) እንደሚሠራው ነጭ መርዛም ስላልሆነ ነው። ችግሩ፣ ዚንኩ በዘይቱ ውስጥ ካሉት አሲዶች ጋር እየተዋሐደ በዓመታት ውስጥ ሳሙና ይሠራል፤ ቀለሙም እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል፣ ከሥሩ ካለው ንብርብርም ይላቀቃል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ከግድግዳ አውርደው ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስተኙት። የወደቀችው ቅርፊት ካለች በክብሪት ሣጥን ውስጥ፣ ከየት እንደወደቀች ከሚገልጽ ወረቀት ጋር ያስቀምጧት። ስኮች አይለጥፉባት፣ ፈጣን ማጣበቂያም አይንካት። ከዚያ መብራት አጥፍተው የስልክዎን ባትሪ ከሥዕሉ ጎን፣ ከገጹ እኩል ዝቅ አድርገው ያብሩ። ጠርዙ የተነሣ ቅርፊት ሁሉ ጥላ ይጥላል። ፎቶ አንሥተው ለሥዕል ጠጋኝ ያሳዩ። ባለሙያው የስተርጅን ዓሣ ሙጫ ሞቅ አድርጎ በቀጭን ብሩሽ ከቅርፊቱ ሥር ያስገባል፣ ቀስ ብሎም ይጫነዋል። የባሕር ሥዕል በዓሣ ሙጫ ሲጠገን እኔ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ይህን ግን በቤትዎ አይሞክሩት።

በዳቦ፣ በድንች ወይም በሽንኩርት ጥረጊው የሚልዎት ሰው አይጠፋም። እምቢ ይበሉ። በ20ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ፣ ቫርኒሽ ያልተቀቡ ብዙ የዘይት ቀለሞች ውሃ እንኳ አይችሉም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ቀይ ጣሪያ በእርጥብ ጥጥ ዳሰስ አደረግሁና ጥጡ ሮዝ ሆኖ መጣ፤ እስካሁን ያንን ጥጥ አልረሳሁትም። አቧራውን ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያንሣው፤ ከተሰነጠቀው ነጭ ግን ይራቁ።

አሸዋውን አይልቀሙት። ቫን ጎግ በ1882 በኔዘርላንድ፣ በስኬቬኒንገን ባሕር ዳርቻ በማዕበል ቀን ሲሥል ነፋሱ የበተነው አሸዋ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ዛሬም አለ። ብራክ ደግሞ ከ1912 ጀምሮ ሆን ብሎ አሸዋ ከቀለም ጋር ያደባልቅ ነበር። ነፋስ ያመጣውም ይሁን ሠዓሊው የጨመረው፣ የሥዕሉ አካል ሆኗል።

«15ኤም» የፈረንሳይ የሸራ መጠን ነው። ኤም «ማሪን» ማለት ነው፤ ለባሕር ሥዕል ተብሎ ጎኑ የጠበበ ሸራ። 15 ቁጥር ለሰው ምስል ሲሆን 65 በ54 ይሆናል፤ የእርስዎ 65 በ46 ነው። ፍሬም ሲያሠሩ ይህንኑ ይንገሯቸው።

ወደ መርገቡ ስንመጣ፣ የረገበው በምን ዓይነት ቀን ነው? ከሸራው ላይ፣ ከቀለሙ በታች ብዙ ጊዜ ከእንስሳት ቆዳ የተሠራ ሙጫ ይቀባል። ሙጫው እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሸራውም ከእሱ ጋር ይረግባል፣ ይወጠራል። በዝናብ ቀን የረገበው ሚስትራል የሚሉት የአገርዎ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ራሱ ይመለሳል። በእርጥብ ቀን መዶሻ ይዘው ቢወጥሩት፣ ደረቁ ነፋስ ሲመጣ ከልክ በላይ ተወጥሮ ያንን ተሰባሪ ነጭ ይበልጥ ይሰነጥቀዋል።

ነጩ ከተጣበቀ በኋላ፣ በደረቅ ቀን አሁንም ከረገበ፣ ከኋላው እንጨት በየማዕዘኑ ሸራውን የሚወጥሩ ሁለት ሁለት ትንንሽ ሽብልቅ ያያሉ፤ በድምሩ ስምንት። ይቁጠሯቸው። አንዱ ጠፍቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ታችኛው እንጨትና ሸራው መካከል ወድቆ ነው፤ ታች በኩል ረግቧል ያሉት እሱው ሸራውን አሳብጦት ሊሆን ይችላል። በቀጭን ካርቶን ገፋ እያደረጉ ያውጡት። ከዚያ ሸራውንና መዶሻውን በካርቶን ለይተው፣ ስምንቱንም በየተራ አንዳንድ ጊዜ ብቻ መታ መታ ያድርጉና እስከ ማግስቱ ይተዉት። መልሰው ሲሰቅሉት ከማሞቂያው በላይ አይሁን፤ ከፍሬሙ ታች ማዕዘኖች ጀርባ ሁለት የቡሽ ቁራጭ ይለጥፉ፣ አየር እንዲያልፍ።