መልስ፦ ከክላስተሩ የትኞቹ ሰርቨሮች ይውጡ?

በክላስተራችሁ (እንደ አንድ አብረው በሚሠሩት ሰርቨሮች) ከ12 ሰርቨር ወደ 8 ስትወርዱ «የቆዩትን ነው ወይስ ሥራ የፈቱትን የምናወጣው?» ላልከው፣ እኔ ከሁለቱም በፊት የማየው የያዙትን ዳታ ነው። ሲፒዩው ምንም የማይሠራ የሚመስል ሰርቨር የአንድ ዳታ ብቸኛ ቅጂ ያለበት ሊሆን ይችላል። ኤችዲኤፍኤስ (ፋይሎችን ቆራርጦ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስቀምጥ ሥርዓት) ካልቀየርከው በቀር እያንዳንዱን ብሎክ (የፋይል ቁራጭ) 3 ቦታ ያስቀምጣል፤ ቢሆንም 4 ሰርቨር በአንዴ ብታጠፋ የአንዳንዱ ብሎክ 3ቱም ቅጂ አብሮ ሊሄድ ይችላል። አንድ በአንድ አውጣ፤ ቅጂው ሌላ ቦታ መድረሱን ሳታረጋግጥ ወደሚቀጥለው አትለፍ። እባክህ እዚህ ላይ አትቸኩል።

ኤትሲዲ (የክላስተሩን ቅንብርና ሁኔታ የሚይዝ ዳታቤዝ) ያለባቸውን ለብቻ ቁጠራቸው። 5 ከሆኑ 2 ቢወድቁም ሥራው ይቀጥላል፤ 4 ሲሆኑ ግን የሚችሉት ልክ እንደ 3ቱ የአንዱን መውደቅ ብቻ ነው። ስለዚህ 4 ላይ አትቁም።

ዳታ የማይዙት ይቀላሉ። የኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በሰርቨሮች ላይ የሚያከፋፍል ሥርዓት) ክላስተር አውቶስኬለር (የሰርቨሮቹን ቁጥር በራሱ የሚጨምርና የሚቀንስ)፣ ቅንብሩ ካልተነካ፣ ፖዶቹ (በላዩ የሚሠሩት ፕሮግራሞች) የጠየቁት ሲፒዩና ሜሞሪ ከአቅሙ 50 በመቶ በታች የሆነና እንዲሁ 10 ደቂቃ የቆየ ኖድ (ሰርቨር) ይመርጣል፤ ፖዶቹ ሌላ ኖድ ላይ ቦታ ካገኙ ማለት ነው። በእጅህ የምታወጣ ከሆነ መጀመሪያ አዲስ ሥራ እንዳይገባበት ዝጋው፣ የያዘውን እስኪጨርስ ጠብቀው። የሚቀሩት 8ቱ አንድ ራክ (ሰርቨሮች የሚደረደሩበት መደርደሪያ) ላይ እንዳይከማቹም እይ። ዕድሜን እኔ የማየው በሌላው ሁሉ እኩል ሲሆኑ ነው።