ከፊላው ስለወጣችው ተርብ፤ ነፍሳት ለምታጠኑ ወጣቶች

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን የምትማር አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ወፍ ዋሻ ደን ዳር ከለቀመችው አባጨጓሬ ውስጥ የወጣች ደቃቅ ጥቁር ተርብ ናት። «ጋሼ፣ ከየትኛውም የዝርያ መለያ ቁልፍ ጋር አልገጥም አለችኝ። አዲስ ዝርያ ብትሆን ስም እስኪወጣላት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ይላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት፣ አዲስ ዝርያ ከተሰበሰበበት ጊዜ አንስቶ ስም ወጥቶለት እስኪታተም ድረስ በአማካይ 21 ዓመት መደርደሪያ ላይ እንደሚቆይ አሳይቷል። ይህንኑ ጽፌላት ልተኛ ነበር። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ጨርሶ ስም ያላገኘች ተርብ ትዝ አለችኝ፤ ከእሷም ጋር አንድ ሰው። ስለዚህ ለተማሪዋም፣ እንደ እሷ ነፍሳት ላጥና ብላችሁ ለተነሳችሁ ሁሉ ይህን ጻፍኩ።

ነገሩ ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። እኔ ገና ጀማሪ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራችን ቀወት ውስጥ፣ ሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ የማሽላ አገዳ ቆርቁርን መከታተል ነው። ከደብረ ብርሃን በካፖርት እንነሳለን። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ እናልፋለን። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ እንገዛለን። ቆሎው ሳያልቅ ሙቀቱ ውስጥ ነን፤ ካፖርቱ ይወልቃል። ያን ቁልቁለት ዛሬም ስወርደው ጆሮዬ ጭው ሲል ደስ ይለኛል።

አብሮኝ የሚሠራው ቴክኒሻን የመንዝ ሰው ነው። በዕድሜ በጣም ስለሚበልጠኝ «ጋሼ» ነበር የምለው። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ቆላ አይወድም፤ ወባን እንደ ሽፍታ ይፈራት ነበር። ሥራ ላይ ግን እንደ እሱ እጁ የረጋ ሰው እስካሁን አላየሁም። የማሽላውን አገዳ በቢላ ቁልቁል ይሰነጥቀዋል። ትሉ እየበላ ያለፈበት ቦይ በእርጥብ ኩስ ተሞልቶ ይታያል። ትሉን በለስላሳ ብሩሽ አንስቶ፣ ከአንድ ቁራጭ አገዳ ጋር ብልቃጥ ውስጥ ከትቶ፣ አፉን በጥጥ ይደፍናል። ጤነኛው ትል አድጎ የእሳት ራት ይሆናል። ተርብ ወግታ እንቁላል የጣለችበት ግን አንድ ጠዋት ቆዳው ተበሳስቶ ይገኛል። ውስጡ ያደጉት የተርብ እጮች ወጥተው፣ አጠገቡ ሐር ፈትለው፣ ተጠጋግተው ነጭ ጎጆ ሠርተዋል። ከቀናት በኋላ ከየጎጆው ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የምትሆን ተርብ ትወጣለች።

ገበሬው ይህን ነጭ ነገር የትሉ እንቁላል ይመስለውና በጣቱ ይጨፈልቀዋል። ጋሼ ይህን ሲያይ አያስችለውም። «ዘበኛህን ገደልከው እኮ!» ብሎ ይቆጣና ቁጭ ብሎ ያስረዳዋል። ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ሳይቀሩ ጎጆውን ለይተው ያውቁት ነበር። ጥንቅሽ ሲልጡ ካገኙ ይዘውለት ይመጣሉ።

አንድ ቀን ጀውሃ ወንዝ አጠገብ ምሳ በልተን ተቀምጠናል። ረግረጉ ላይ ፊላ በቅሏል። ጋሼ ጫማውን አወለቀና ገባ። የፊላውን ግንድ እየቆረጠ ይሰነጥቅ ጀመር። ማንም አላዘዘውም፤ በእቅዳችንም ውስጥ የለም። «ማሽላው ከታጨደ በኋላ ይሄ ሁሉ ተርብ የት ይከርማል?» አለኝ። ውስጡ ቀላ ያሉ ትሎች አገኘ። ለብቻቸው ብልቃጥ ውስጥ አደረጋቸው። ከእነሱም ነጩ ጎጆ ተሠራ፤ ተርብም ወጣች። በማጉያ መነጽር ብናያት፣ ብናገላብጣት፣ ከማሽላዋ ተርብ ልትለይልን አልቻለችም።

እኔ አንድ ናት ብዬ ልዘጋው ነበር። እሱ አልዘጋውም። ባደርንበት አልጋ ቤት በፋኖስ ብርሃን፣ ማር የነካ ጥጥ እየሰጠ አቆያቸው፤ ዕድሜያቸው ቢበዛ የጥቂት ቀናት ነው። ከማሽላ የለቀማቸውን ትሎች አቀረበላቸው። ወጓቸው፤ በዓይናችን አየን። ከእነዚያ ትሎች ግን አንድም ተርብ አልወጣም። አድገው የእሳት ራት ሆኑ። የማሽላዋን ተርብ ለእነዚያው ዓይነት ትሎች ሲሰጥ ግን ጎጆው ይሠራል። ደገመው፣ ሠለሰው፤ ያው ነው። «መልኳ አንድ ነው፤ ጠባይዋ ግን ሌላ ነው። ይቺ ሌላ ናት» አለኝ። ከዚያ ብልቃጥ አውጥቶ አልኮል ሞላ። ትንሽ ወረቀት ቆርጦ በእርሳስ ጻፈ፦ ቦታው፣ ቀኑ፣ ከፊላ ግንድ፣ የሰብሳቢው ስም። ወረቀቱን ከተርቦቹ ጋር ውስጥ አስገባው።

ብዙም ሳልቆይ ለትምህርት ውጭ ሄድኩ። ስመለስ መጀመሪያ የጠየቅሁት እነዚያን ብልቃጦች ነው። ለካ እኔ በሌለሁበት መሥሪያ ቤቱን ትላልቅ ሰዎች ሊጎበኙት መጥተው ነበር። ለጉብኝቱ ተብሎ የናሙና ክፍሉ ጸዳ። ያረጁት ወረቀቶች ወጥተው ተጣሉ፤ አንድ ጽሑፉ የሚያምር ሠራተኛ በሰማያዊ እስክሪብቶ ገልብጦ አዲስ ወረቀት ከተተ። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ብልቃጦቹ በመስመር ተደርድረው ጠበቁኝ። አልኮሉ ሰማያዊ ሆኗል፤ ወረቀቱ ባዶ ነው። የትኛዋ ከማሽላ፣ የትኛዋ ከፊላ እንደመጣች የሚናገር ነገር የለም። ሰውየው ክፉ አስቦ አልነበረም። ግን ያንገበግባል።

ጋሼ አንዱን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። «በቃ» ብቻ ነው ያለው። ለምን ተመልሳችሁ አልሰበሰባችሁም ትሉኝ ይሆናል። ፕሮጀክቱ አልቋል። መኪና የለም። እኔ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወርኩ፤ እሱም ጡረታ ወጣና መንዝ ገባ። አሁን በሕይወት የለም።

እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። የኬንያ፣ የፈረንሳይና የካናዳ ተመራማሪዎች ኮቴሲያ ቲፌ የምትባል አዲስ ተርብ ገልጸዋል። ስሟን ያገኘችው ከፊላ ሳይንሳዊ ስም ነው። በፊላ ውስጥ ከሚኖረው ከሴሳሚያ ኖናግሪዮይድስ ትል ነው የምትወጣው። ከዚያ በፊት ከ1906 ጀምሮ ከምትታወቀው ከኮቴሲያ ሴሳሚዬ ጋር እንደ አንድ ስትቆጠር ነበር። የለዩዋት በዲኤንኤ፣ በመራቢያ አካል ቅርጽና በምትወጋው ትል ነው። ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ በቆሎ የሚያበላሸውን ያንኑ ትል ትከላከልልን ይሆን እያሉ ያጠኗታል። ጽሑፉን ጨርሼ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የጋሼ ተርብ እሷ ትሁን ሌላ፣ የሚመሰክር ናሙና የለም።

እንግዲህ ምክር ልስጥ። እንግሊዝኛ አንብቡ፣ ማይክሮስኮፕ ጠርጉ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። በእርሳስ ጻፉ። ይህ አንዱ ነው። ፎርማሊን ዲኤንኤን ያበላሻል፤ 95 በመቶ አልኮል ያዙ። የእናንተ ትውልድ ፎቶ ማንሳት ይወዳል፤ ፎቶውም ቆንጆ ነው፣ እኛ ያንን አላገኘንም። ግን ወዲያው ይለቀቅና ነገ ሌላ ፎቶ ነው። ነፍሳቱ የታለ፣ ከምን ወጣ፣ ምን ሲበላ ነበር ሲባል መልስ የለም። ትሉን ሳያሳድጉ ተርቡን ማወቅ አይቻልም። አንድ ሳምንት ብልቃጥ መጠበቅ የሚሰለቸው ሰው ሌላ ሙያ ቢፈልግ ይሻለዋል። ይህን ስል ደግሞ ይቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች። ከወፍ ዋሻ አባጨጓሬ ለቅማ፣ ቅጠል እየቀየረች አሳድጋ ነው ተርቧን ያገኘችው።

ስም ማውጣት ለክብር ብቻ የሚመስላቸው አሉ። ያቺው ኮቴሲያ ሴሳሚዬ፣ በኬንያ የባሕር ጠረፍ ያለችው ዘርና በኬንያ ደጋ ኪታሌ አካባቢ ያለችው ዘር አንድ አይደሉም። የኪታሌዋ በደጋው አገዳ ቆርቁር ውስጥ ታድጋለች። የጠረፏን እንቁላል ግን ያው ትል በሰውነቱ ውስጥ ከቦ ይገድለዋል። ያለ ልየታ የተሳሳተችውን አርብቶ ማሳ ላይ የሚለቅ ሰው ገንዘቡንም የገበሬውንም ተስፋ ያባክናል። ሌላም ልንገራችሁ። የአሜሪካ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን ሲገባ ያልደነገጠ የለም። የተፈጥሮ ጠላቱን ፍለጋ የወጡ ባለሙያዎች ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባል ተርብ በብዛት አገኙ፤ በ2018 ሲያሳትሙ ከትሎቹ ከ34 እስከ 45 በመቶ ገደማ እንደወጋች ጻፉ። ይቺ ተርብ ከኬንያ ናሙና ተገልጻ ስም ያገኘችው በዚያው በ2017 ነው። ባይሆን ኖሮ የእኛም ሪፖርት «ዝርያው ያልታወቀ» ይል ነበር። ያልታወቀን ተርብ ማን ያራባል? ስሟ የመጣው ናይሮቢ ካለው፣ ኢሲፔ ከሚባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የመሠረቱት ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ ናቸው። እኛም እንዲህ ያለ ቤት ቢኖረን ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። አትቸኩዪ። በመጀመሪያ ወገኗን (ጂነሷን) እርግጠኛ ሁኚ። ከዚያ በዚያ ወገን የተገለጹትን ሁሉ አንድ በአንድ አነጻጽሪ። የሆዷ የመጀመሪያ ንጣፍ ርዝመት የወርዱ ስንት እጥፍ ነው? ደረቷ ጀርባ ላይ ያሉት ነጠብጣብ ጉድጓዶች ጥልቅ ናቸው ወይስ ጥልቀት የሌላቸው? የእንቁላል መጣያዋ ሰገባ ከኋላ እግሯ ቅልጥም ያጥራል ወይስ ይረዝማል? እነዚህን ለክተሽ ትጽፊያለሽ። አንዷን ናሙና ሆሎታይፕ ትያታለሽ፤ ስሙን ለዘለዓለም የምትሸከመው እሷ ናት። የትኛው ሙዚየም እንደምትቀመጥም ትገልጪያለሽ። አራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየም ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የወፍ ዋሻን ተርብ ለማየት የሸዋ ልጅ ቪዛ መለመን የለበትም። ናሙና ወደ ውጭ መላክ ካስፈለገ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ባለው ሕግ ዙባንክ በሚባለው መዝገብ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት።

አትቸኩዪ አልኩ፤ ግን ደግሞ አታቆዪው። ጋሼ ቢቸኩልና ያንኑ ሰሞን ሁለት ገጽ ቢያሳትም ኖሮ የት በደረስን እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ እንዴት እንደሚታረቁ እናንተ ታውቃላችሁ።

በስሙ ምርጫ አልገባም። በቦታ መሰየም ያምራል። የአንኮበሯ ትንሽ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1979 ስትገለጽ የአንኮበርን ስም ያዘች፤ ዛሬ ሰው ከውጭ ድረስ ሊያያት ይመጣል። በራስ ስም መሰየም ግን ነውር ነው። ትሉን የለቀመ፣ ብልቃጡን ያጠበ ቴክኒሻን ካለ ስሙን ሰብሳቢ ብላችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉት፤ በጽሑፉም ውስጥ አስገቡት። የተማረ ሰው ይህን ሲዘነጋ ሳይ ደሜ ይፈላል።

በመጪው ጥቅምት፣ ማሽላው ሲያሸት፣ ጉልበቴ ከፈቀደ ጀውሃ ወርጄ ፊላ መሰንጠቅ አስቤያለሁ። ረግረጉ ከፊሉ የሽንኩርት ማሳ ሆኗል ይላሉ፤ የቀረውን እናያለን። መምጣት የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩኝ። ስለታም ቢላ፣ ብልቃጥ፣ አልኮልና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። ቦት ጫማ አይርሳችሁ፤ ለማደሪያም አጎበር ያዙ፣ ሮቢት አካባቢ ወባ በዚያ ወቅት ይበረታል።