የጠፈርተኛው መስታወት ለምን ጠፍጣፋ ሆነ?

ጥያቄ፦ የሳይንስ ልብወለድ ታሪክ በሥዕል እየሠራሁ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጨረቃ ላይ የቆመ ጠፈርተኛ ነው። በእርሳስ ስነድፈው ያምራል፤ በከለር ስቀባው ግን የሄልሜቱ መስታወት ጠፍጣፋ ቢጫ ክብ፣ ነጩ ልብስ ደግሞ አመድ የነካው ይመስላል። ደጋግሜ ልቀባው ስል ወረቀቱ ቀለም አልይዝ ይላል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ከወረቀቱ እንጀምር። የፎቶኮፒ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ስስና ለስላሳ ስለሆነ የከለሩ ሰም ቶሎ ይሞላዋል። ከ160 እስከ 200 ግራም የሆነ፣ ሲዳስሱት ትንሽ የሚሻክር የሥዕል ወረቀት ይግዙ። ከለሩን ከጫፉ ራቅ አድርገው ይያዙና ሦስት አራት ጊዜ በስሱ ይደራርቡ፤ ጫን የሚሉት በመጨረሻው ዙር ብቻ ነው። ተጭኖ ያብለጨለጨ ሰም ላይ ሌላ ቀለም አይያዝም፤ ላጲስም ያዳርሰዋል እንጂ አያነሳውም።

አመዱ የሚመጣው በአብዛኛው ከእርሳሱ ነው። በ2ቢ (ለስላሳና ጥቁር እርሳስ) ከነደፉ ዱቄቱ ከቀለሙ ጋር ይቀላቀላል፤ ቢጫ ሲነካው ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያደላል። በኤችቢ (ጠንከር ያለ እርሳስ) በስሱ ይንደፉ፣ ከመቀባትዎ በፊት መስመሩን መታየት እስኪያቅተው ድረስ በላጲስ ያደብዝዙ፣ ከእጅዎ ሥር ንጹሕ ወረቀት ያድርጉ።

አሁን ወደ መስታወቱ። የጠፈርተኞች የፊት መከለያ የፀሐይን ሙቀትና ነጸብራቅ እንዲመልስ በስሱ ወርቅ የተለበጠ ነው፤ ስለዚህ የሚስሉት ቢጫ ነገር ሳይሆን ያበጠ መስታወት ነው። የሚታየው በፊቱ ያለው ነገር ነው። ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ሰማዩ ጥቁር ነው፤ የመስታወቱ የላይኛው ክፍል ይጨልማል፣ የጨረቃው ገጽ የሚታይበት የታችኛው ይፈካል። ሁለቱን የሚለየው የአድማስ መስመር ቀጥ ካለ መስታወቱ ጠፍጣፋ ይመስላል፤ ብዙው ሥዕል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጠፈርተኛውን ከታች ወደ ላይ እያዩት ከሳሉ መስመሩ እንደ ቅስት መሃሉ ወደ ላይ ይጉበጥ፤ ከላይ ወደ ታች ከሆነ ይገልብጡት።

የአቀባቡ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ፀሐይ የምታርፍበትን የምስር ፍሬ የምታህል ነጭ ቦታ ይተዉ። ሌላውን በፈዛዛ ቢጫ ይሸፍኑ፣ ዳር ዳሩን ብርቱካንማ ያስከትሉ፣ ከአድማሱ በላይ ቡናማ፣ በቡናማው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ይደርቡ። ጥቁር ከለር ብቻውን አይጠቀሙ፤ ወርቁን ይገድለዋል። ነጩን ቦታ መተው ከረሱ በነጭ ጄል እስክሪብቶ መጨረሻ ላይ ማስገባት ይቻላል፤ የተተወ ወረቀት ግን ይበልጣል።

ነጩን ልብስ አይቀቡት፤ ጥላውን ብቻ ይቅቡ። ፀሐይ ያረፈበት ወረቀቱ እንዳለ ይቅር፤ ጥላው ግራጫና ሰማያዊ ድርብርብ ይሁን፣ ጠርዙም ስል ይሁን እንጂ አይፈዝ። በክንድ ሥር ግን የጨረቃው ገጽ የሚመልሰው ብርሃን ስላለ ጥላውን ትንሽ ያሳሱት። ልብሱ በውስጡ ባለው አየር የተነፋ ስለሆነ በብዛት የሚሸበሸበው ክርንና ጉልበት ላይ ነው፤ ሸብሸባውን በየቦታው ከበተኑት ፒጃማ ይመስላል።

ገጸ ባሕርያቱ ከአንድ በላይ ከሆኑ መለያ ያስፈልጋቸዋል። ናሳም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ከአፖሎ 13 የጨረቃ ጉዞ (1970 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአዛዡን ልብስ በቀይ መስመር ለይቶታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሮቦቷን በእስክሪብቶ አስምራ በፍሎማስተር ስትቀባ መስመሩ ይዝረከረካል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን ትገልብጠው። በስሱ እርሳስ ትንደፍ፣ በፍሎማስተር ትቀባ፣ 10 ደቂቃ ይድረቅ፣ ከዚያ ታስምር። ከፈዛዛ ወደ ደማቅ ትሂድ፤ ቢጫው ጥቁሩን ከነካ ጫፉ ይቆሽሻል። አንድ ቦታ ደጋግሞ መፈተግም ወረቀቱን ይልጠዋል። ብረት እንዲመስል ሁሉን ግራጫ ከማድረግ ይልቅ በጣም ጥቁር ሰንበርን ከነጭ ሰንበር ጎን ሳታዋሕድ ታስቀምጥ።