ለመንዟ ተማሪ፦ ስለ ውርጭ፣ ስለ ሆርሞንና ስለ ሁለተኛ ዲግሪ

ውድ እህቴ፣

በደብዳቤሽ እንደገለጽሽልኝ ዘንድሮ በዕፅዋት ሳይንስ ትመረቂያለሽ። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ የአባትሽን ገብስ ዛላ እንዳወጣ ውርጭ መትቶታል። መምህርሽም አብሲሲክ አሲድ የተባለው የዕፅዋት ሆርሞን ሰብልን ከብርድ እንደሚያድን ስለነገሩሽ፣ በዚሁ ርእስ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ወይስ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያገኘሁትን ሥራ ልቀበል ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ርእሱን አልቃወምም። የምፈራው፣ የምታነቢያቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚናገሩለት ብርድ የመንዝ ብርድ አለመሆኑን ሳታስተውዪ እንዳትገቢበት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከበረዶው ወራት በፊት የሚዘራው ስንዴና ገብስ ብርዱን የሚያሳልፈው ገና ቡቃያ ሳለ ነው፤ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ለሳምንታት እየቆየ ቀስ በቀስ ይለማመዳል። በዚያ ጊዜ ሲቢኤፍ የሚባሉት፣ ሌሎች የብርድ መከላከያ ጂኖችን የሚቀሰቅሱ ጂኖች ይነቃሉ፣ አብሲሲክ አሲድ ይጨምራል፣ ዕድገትን የሚያፋጥነው ጂበሬሊን የተባለው ሌላ ሆርሞን ይቀንሳል፣ ተክሉም ቁመቱን ገትቶ ስኳርና ተከላካይ ፕሮቲኖችን ያከማቻል። ጠንካሮቹ የስንዴ ዓይነቶች እንዲህ ተለማምደው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ያህል ይቋቋማሉ። የእኛ ደጋ ውርጭ ግን ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት በአንድ ሌሊት፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ በዋለ ሰብል ላይ የሚወርድ ነው። ዛላ ያወጣን ገብስ ለመጉዳት ከዜሮ በታች አንድና ሁለት ዲግሪ ይበቃዋል፤ ለመለማመድ ፋታ የለውም።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያጓጓኝም እርሱ ነው። በሩዝ ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ የወንዴው የአበባ ብናኝ በሚፈጠርበት ወቅት ብርድ ሲመጣ፣ ብርድ በማይችሉት ዝርያዎች የብናኝ ከረጢት ውስጥ አብሲሲክ አሲድ ይጨምርና ወደ ብናኙ የሚሄደውን ስኳር የሚያስገባው ኢንዛይም ሥራ ይዳከማል፤ ብናኙም ባዶ ይቀራል። ብርድ በሚችሉት ዝርያዎች ግን የሆርሞኑ መጠን ዝቅ እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ ቡቃያውን ያዳነው ሆርሞን አበባውን ሊያመክን ይችላል ማለት ነው። መምህርሽ አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን የመመረቂያ ጥናትሽ ጥያቄ «አብሲሲክ አሲድ ይጠቅማል ወይ?» ሳይሆን «በየትኛው የሰብሉ ክፍል፣ በየትኛው የዕድገት ደረጃ?» መሆን አለበት።

ሆርሞን ከቤትሽ የራቀ ነገር እንዳይመስልሽም። እናትሽ ገብስ ነክረው በቅጠል ሸፍነው ብቅል ሲያበቅሉ፣ ከፍሬው ሽል የሚወጣው ጂበሬሊን ነው ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይረውን ኢንዛይም የሚያስነሣው። ሳያሸት ውርጭ የመታው ፍሬ በደንብ ስለማይበቅል ጥሩ ብቅል አይወጣውም፤ ይህም የአባትሽ ጎተራ ብቻ ሳይሆን የደብረ ብርሃን የብቅልና የቢራ ፋብሪካዎችም ጉዳይ ነው። ነገ ሥራ ስትፈልጊ ይህን አትርሺ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። የወረዳውን ሥራ ለአንድ ወይም ለሁለት የምርት ዘመን ተቀበዪ፤ ከዚያ ለሁለተኛ ዲግሪ የዕፅዋት ማዳቀልን መርጠሽ የመመረቂያ ጥናትሽን በሰብል ፊዚዮሎጂ (በሰብሉ አካል የውስጥ አሠራር) ላይ አድርጊው። የምርምር ማዕከላት ማስታወቂያ ሲያወጡ የሚፈልጉት አዳቃይ፣ የአግሮኖሚ (የሰብል አመራረት) ወይም የሰብል በሽታ ባለሙያ ነው፤ «የሆርሞን ተመራማሪ» የሚል ክፍት ቦታ እስካሁን አላየሁም። በዚያ ላይ ሆርሞን መለካት ውድ ነው። መጠኑ በናኖግራም የሚቈጠር በመሆኑ ናሙናው እንደተቈረጠ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ መግባት፣ ከዚያም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ በመብራት መቋረጥ ምክንያት የአንድ ሙሉ ወቅት ናሙና በማቀዝቀዣው ውስጥ ቀልጦ ጠብቆኛል። (ፈሳሽ ናይትሮጅን ካስፈለገሽ የከብት ማዳቀያ አባለ ዘር የሚያቆዩ ክፍሎችን ጠይቂ፤ ብዙ የሰብል ተማሪ ይህ ትዝ አይለውም።)

በወረዳው ሳለሽ ግን ደመወዝ ብቻ እየጠበቅሽ አትቀመጪ። ዝቅተኛውን ሙቀት መዝግቦ የሚይዝ ቴርሞሜትር ገዝተሽ በቢሮው ግድግዳ ላይ ሳይሆን በማሳው መካከል በዛላው ቁመት ልክ ስቀዪው፤ በውርጭ ሌሊት በዚያ ከፍታ ያለው አየር በሰው ቁመት ካለው በጥቂት ዲግሪዎች ሊቀዘቅዝ ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ረባዳ ስለሚወርድም አንዱን ከሸለቆው ሥር፣ ሌላውን ከተዳፋቱ ላይ አድርጊ። ሰብሉ በማበብ ላይ ሳለ ውርጭ ከጣለ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከየማሳው ሠላሳ ሠላሳ ዛላ ወስደሽ አበባውን በመርፌ ክፈቺ፤ ጤነኛው የብናኝ ከረጢት አረንጓዴ ወይም ቢጫ ሆኖ የሞላ ነው፣ የተመታው ግን ነጥቶ የተጨማደደ ነው። ከቁጥሩ ጎን የተዘራበትን ቀን፣ ያበበበትን ቀንና አርሶ አደሩ ለዘሩ የሚሰጡትን ስም ጻፊ። ስሙን በራስሽ ቃል አትለውጪው። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኙ የቢጫ አጭሬ ቫይረስና የአመዳይ በሽታ (ውርጩ ሳይሆን ቅጠልን እንደ ነጭ ዱቄት የሚሸፍነው ፈንገስ) መከላከያ ጂኖች ዛሬ በውጭ አገር የገብስ ዝርያዎች ውስጥ ይገኛሉ፤ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገራችን የዘር ባንክም ብዙ የገብስ ናሙና አለው። ከአባትሽ ጎረቤቶች ዘር መካከል ውርጭ ያልጎዳው ቢገኝ፣ ቀድሞ አብቦ ስላመለጠ ነው ወይስ በእርግጥ ብርዱን ስለቻለ የሚለውን የሚለየው ይኸው መዝገብሽ ነው። ለአዳቃይ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ማታ ማታ ደግሞ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የራስሽን ቁጥር መተንተን ተለማመጂ። ለደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ወይም ወደፊት ለሚያማክርሽ መምህር ስትጽፊ፣ ከትምህርት ማስረጃሽ ጋር ያንን መዝገብ አያይዢው። ቴርሞሜትሩን ከመስከረም በፊት ግዢው፤ ጥቅምት ሲገባ መሰቀል አለበት።