«አይጦቹ ድነዋል ይላሉ፤ እኔስ መድኃኒቴን ላቁም?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ቫይረሱ በምርመራ አይታይም ተብያለሁ። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ «አይጦች ከኤችአይቪ ዳኑ» የሚል አነበብኩ። ጓሮዬ እየመጣ በቆሎ የሚጨርሰው ጦጣም ቫይረሱን ይዞ አይታመምም አሉኝ። እውነት ነው? መድኃኒቱ ሰልችቶኛል፤ ትንሽ ባርፍስ?

መልስ፦ እህቴ፣ 11 ዓመት ሳያቋርጡ መዋጥ ቀላል አይደለም። ቢሰለችዎ አይገርመኝም። መድኃኒቱን ግን እባክዎ አያቁሙ።

የአይጦቹ ወሬ እውነት ነው። ጥናቱ በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። ተራ አይጥን ኤችአይቪ አይዘውም። ስለዚህ የራሱ የመከላከያ አቅም የሌለው አይጥ ይመረጥና ከሰው የተወሰደ የደም ሴል ይሰጠዋል። ሰውነቱ ውስጥ የሰው ነጭ የደም ሴል ሲራባ ቫይረሱ ይይዘዋል። እነዚያ አይጦች ጠንካራ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ቀጥሎ ክሪስፐር በሚባል ዘዴ ቫይረሱ ከሴላቸው ተቆርጦ እንዲወጣ ተሞከረ። ቫይረሱ የጠፋው ከሦስት አንድ በሚያህሉት ላይ ነው። ዘዴው በሰው ላይም ተሞክሯል። በ2024 እ.ኤ.አ. እንደተነገረው ጉዳት አላደረሰም። ነገር ግን በሐኪም ክትትል መድኃኒት ያቆሙት ሦስት ሰዎች ቫይረሱ ተመልሶባቸዋል።

ለምን ይመለሳል? ይህን በደንብ ያሳዩን የእስያ ዝንጀሮዎች ናቸው። እነሱን የሚይዛቸው የኤችአይቪ ዘመድ የሆነ ቫይረስ አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ቫይረሱ በገባ በ3ኛው ቀን፣ ገና ደም ውስጥ ሳይታይ፣ ሕክምና ተጀመረላቸው። ከ6 ወር ገደማ በኋላ ሲቆም በሁሉም ላይ ተመለሰ። ሦስት ቀን እንኳ ለመደበቅ በቅቶታል! የእርስዎም ቫይረስ «አይታይም» ሲባል ተኝቷል ማለት እንጂ ጠፍቷል ማለት አይደለም። እንዲተኛ ያደረገው መድኃኒቱ ነው።

የጦጣውም ነገር እውነትነት አለው። የእኛ አገር ጦጣ የሚይዘው ግን የራሱ ቫይረስ ነው፤ ኤችአይቪ አይደለም። ለረጅም ዘመን አብሮት ስለኖረ አብዛኛውን ጊዜ አይታመምበትም። ተመራማሪዎች ምስጢሩን እያጠኑ ነው። በቆሎዎን ስለበላ የእሱ ቫይረስ ወደ እርስዎ አይተላለፍም። ከነከስዎ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥበው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ሊያስፈልግዎ ይችላል።

እንስሳቱ ላይ የተደከመው በከንቱ አልቀረም። ዛሬ በአገራችን በብዛት በሚሰጠው የኤችአይቪ ክኒን ውስጥ ያለው ቴኖፎቪር በ1995 እ.ኤ.አ. ዝንጀሮዎችን ከዚያ የኤችአይቪ ዘመድ ከሆነው ቫይረስ እንደሚከላከል ታይቶ ነበር። ፈውስም ከተገኘ በዚሁ መንገድ የሚመጣ ይመስለኛል። ያኔ እርስዎ ጤነኛ ሆነው እንዲደርሱበት እመኛለሁ።

ድካሙን ግን ብቻዎን አይሸከሙት። የሚከታተሉዎትን ነርስ «ሰለቸኝ» ብለው በግልጽ ይንገሯቸው። ያስቸገረዎ ምልልሱ ከሆነ፣ እንደ እርስዎ ጤናው ለተረጋጋ ሰው የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ቀጠሮ ከቡና ለቀማ ጋር እየተጋጨ የሚያስቸግርዎ ከሆነም ይህንኑ ይጠይቁ።