አዳሪና ተመላላሽ ጓደኛ ይሆናሉ?

ባለፈው እሁድ የእህቴ የልጅ ልጅ ቡና ልታፈላልኝ መጣች። ዘጠነኛ ክፍልን ለመማር አዳሪ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ሌሊት ይበርዳል ወይ፣ ምግቡ እንዴት ነው፣ ስንት ልብስ ልያዝ ትለኛለች። እኔም እመልሳለሁ። ከዚያ ቶናውን እየቀዳች «እማማ፣ አዳሪና ተመላላሽ ግን ጓደኛ ይሆናሉ?» አለችኝ። ሲኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ለእሷ ያልመለስኩትን ነው አሁን የምጽፈው። እናንተም በእሷ ዕድሜ ያላችሁ አንብቡት።

አባቴ ጅማ ቡና ነጋዴ ነበር። ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን ነው በሚባልበት ዘመን አዲስ አበባ አምጥቶ አዳሪ አስገባኝ። የወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ስም ከአፉ አይነጥልም ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ኢጣሊያ የተጋዙ፣ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ተመርጠው ፓርላማ የገቡ ሴት ናቸው። «አንቺስ ምን ይጎድልሻል?» ይለኛል። እኔ የገባሁት ግን እቴጌ መነን ሳይሆን በአራት ኪሎና በፒያሳ መሀል ያለ የግል የሴቶች ትምህርት ቤት ነው። አዳሪም ተመላላሽም ነበረው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ደወል ይደወላል። አልጋ ታነጥፊያለሽ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ትታጠቢያለሽ፣ ዳቦ በሻይ ትበያለሽ። ማታ ጥናት አለ። ልብሳችን ሁሉ ላይ ቁጥራችን ተጠልፎ ነበር፣ የእኔ 37 ነው፣ እናቴ በቀይ ክር ነው የጠለፈችው። ተመላላሾቹ ቁጥር የላቸውም። ጠዋት ከነከተማው ሽታ ይመጣሉ፣ ማታ ይሄዳሉ። እነሱ በእኛ አልጋና በእኛ ፒያኖ ይቀናሉ፣ እኛ ደግሞ በምሳ ዕቃቸው።

አንዷ ከሠራተኛ ሰፈር በእግሯ ነበር የምትመጣው። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፣ አባት የላትም፣ ወንድምም እህትም የላትም። ክፍያዋን ግማሹን ትምህርት ቤቱ ነው የሚችልላት። በሒሳብ ማንም አይደርስባትም። እኔ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ደብቄ አመጣላታለሁ፣ እሷ የእናቷን የሽሮ ፍርፍር ታበላኛለች። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ሠላሳ ሰባት፣ ነይ ምሳ» ነው የምትለው። እስከ ዛሬ ሽሮ ፍርፍር ስበላ ያቺ ክዳኗ የተጣመመ ምሳ ዕቃ ትታየኛለች።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 እሁድ ማታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተመቶ ሞተ። በማግስቱ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ ወታደር ተኮሰ። እኛ አዳሪዎቹ ይህን አናውቅም። ተኩሱን ግን ሰምተናል። ወንድሜ የዩኒቨርሲቲው ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፣ አፍንጮ በር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ስልክ ልደውል ብዬ ብለምን ተከለከልኩ። ደብዳቤ ደግሞ በቢሮ በኩል ተነቦ ነው የሚወጣው።

ተመላላሾቹ ሁለት ቀን ቀርተው በሦስተኛው መጡ። ከሒሳብ ደብተሬ ወረቀት ቀደድኩና አንድ ቃል ጻፍኩበት፦ «አለህ?» ጓደኛዬ ከምሳ ዕቃዋ ሥር አደረገችው። ምንም አልጠየቀችኝም። ቤቱን ብቻ በደንብ እንድነግራት ፈለገች።

በማግስቱ ጠዋት በር ላይ ፍተሻ ነበር፣ በየትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ወረቀት ይበተናል ተብሎ። የወንድሜን መልስ እሷ ላይ አገኙት። ክፍላችንን በሙሉ ግቢ ውስጥ አሰለፉን። ዳይሬክተሯ ወረቀቷን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦ «አለሁ። አትጨነቂ። ለአባባ ምንም አትጻፊ።»

እንዲህ ነው ወንድሜ መትረፉን ያወቅሁት። ጉልበቴ ከደስታ የተነሳ ተብረከረከ። ዳይሬክተሯ «የማን ነው? ባለቤቷ ትውጣ» አለች። ጓደኛዬ «የእኔ ነው» አለች። ወንድም እንደሌላት ሁሉም ያውቃል። «ከየትኛው ወንድ ጋር ነው የምትጻጻፊው?» ተባለች። ዝም አለች። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ሁለት እርምጃ ነው፣ ሁለት ብቻ። ከተባረርኩ አባቴ ምን ይላል እያልኩ የጫማዬን ማሰሪያ አያለሁ። አንድ ጊዜ አየችኝ። ውጪ የሚል ዓይን አልነበረም፣ እንዲያውም እዚያው ቁሚ የሚል ነበር። ይሄ ነው የሚከብደኝ።

የሚረዷትን ክፍያ ከለከሏት። ከገና በኋላ አልመጣችም። የማታ ትምህርት ገባች ሲባል ሰማሁ። ሠራተኛ ሰፈር ከትምህርት ቤቱ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፣ እኔ ግን እስክመረቅ አልሄድኩም። ማትሪክ አለፍኩ፣ ፋርማሲ ተማርኩ። በ1967 እድገት በህብረት ዘመቻ ገጠር ወጥተን መሬት ላይ ስንተኛ ሌሎቹ ሲያለቅሱ እኔ ምንም አልመሰለኝም፣ አዳሪነት አስለምዶኛል። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም፣ ግን እውነት ነው፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ሰው ያደርጋል።

በ1976 ፒያሳ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራ ነበር። አንዲት ሴት የእናቷን የደም ግፊት መድኃኒት ማዘዣ ይዛ መጣች። ቀና ስል «ሠላሳ ሰባት» አለችኝ። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ወንድምሽ ደህና ነው?» የሚል ነበር። ወንድሜ በቀይ ሽብር ሞቷል። ነገርኳት። በመስኮቱ በኩል እጄን ይዛ አለቀሰች። ከኋላዋ ወረፋ አለ፣ ሰው ያጉረመርማል። ለእኔ ትምህርቷን ያጣችው ሴት ለወንድሜ አለቀሰችልኝ፣ እኔ ደግሞ መድኃኒቱን ቆጥሬ ሰጠኋት። ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣኝም። ሌላ ቀን እላታለሁ ብዬ ነበር። ሌላ ቀን አልመጣችም።

አጥኑ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። ለእህቴ የልጅ ልጅም ለእናንተም የምለው ይህ ነው፦ አዳሪ ስትገቡ ከተመላላሽ ልጅ ጋር ተወዳጁ። ከግቢ ውጭ ያለውን ኑሮ የምታውቀው እሷ ናት። ቤቷን እወቁ፣ እናቷን ሰላም በሉ። ስህተታችሁን ሌላ ሰው ሲሸከምላችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ውጡ። አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ እግር ይከብዳል፣ አውቀዋለሁ።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁ ላይ አንገታችሁን ደፍታችሁ ስትውሉ ያናድደኛል፣ አጠገባችሁ ያለችው ልጅ ምሳ ትብላ አትብላ አታውቁም። ግን ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፣ አስተማሪ ሲበድል ፊት ለፊት ትናገራላችሁ። በዚህ እቀናባችኋለሁ። እና አዳሪ ሰው ያደርጋል አልኩ እንጂ እኔ ልጄን አዳሪ አላስገባሁም። ማታ ማታ ቤት እንድትመጣ ፈለግሁ፣ ቀኑን እንድትነግረኝ።

ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልሱ አዎ ነው፣ ይሆናሉ። እኔ ነበረችኝ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ ፈቃዷን አልጠየቅኋትም። በሕይወት ካለች ግን ምናልባት አንዱ ልጅ ያነብላታል።

ሠላሳ ሰባት ነኝ። ወረቀቱ የእኔ ነበር።